ዳታው ወደ ላይ ወጣ፣ መቼ ነው ሚመለሰው?

እኛ ጋ ወር ሚያልቀው በ30 ሳይሆን በ20 ነው። የጤና ሪፖርት ከ21 እስከ 20 ስለሚቆጠር ማለቴ ነው። ኤችአይቲ ሆናችሁ ጤና ጣቢያ ምትሰሩ ሰዎች ምን እንደማወራ ገብቷችኋል፣ ለሌላው ግን ላስረዳ፣ ኤችአይቲ ማለት የጤና መረጃ ባለሙያ ነው፣ ሰው አናክምም፣ ነጭ ጋወንም የኛ አይደለም (ብርዱ ሲጠና ደርበን ምንለብሰውን ሳይጨምር፣ የሰሜን ሸዋ ደጋ ብርድ ምን እንደሆነ ሚያውቅ ያውቀዋል)፣ ግን ማን ታከመ፣ በምን ታከመ፣ ስንት ልጅ ተከተበ፣ ስንት እናት ጤና ተቋም መጥታ ወለደች የሚለው ሁሉ በኛ እጅ አልፎ ነው ወደ ወረዳ፣ ከዛ ዞን፣ ከዛ ክልል፣ ከዛ ፌደራል ሚሄደው።

20 ሲደርስ የጤና ኤክስቴንሽኖቹ ከየቀበሌው ፎርማቸውን ይዘው ይመጣሉ። መኪና ያገኘች በመኪና፣ ያላገኘች በእግሯ፣ ክረምት ከሆነ ደሞ ጭቃውን ከጫማዋ ላይ በር ላይ አራግፋ ነው ምትገባው። ቁጭ ብለን እያንዳንዱን ቁጥር እያየን እናስገባለን፣ ይሄ ካለፈው ወር ለምን ቀነሰ፣ ይሄ ከዛኛው ጋ ለምን አይገጥምም እየተባባልን። አንድ ጊዜ ቆየት ያለች፣ ስራውን ከብዙዎቻችን በፊት የጀመረች ኤክስቴንሽን "ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ቁጥር ላይ ያሉት ሰዎች ምን ያደርጉበታል?" አለችኝ። እኔም ለእቅድ፣ ለበጀት፣ ለመድሃኒት ስርጭት ምናምን ብዬ ኮሌጅ የተማርኩትን ነገርኳት። በደንብ ሰማችኝና "እሺ፣ ለኔስ?" አለች።

ቴክኖሎጂ ጤናውን እየቀየረው ነው ሲባል ሰው ቶሎ ወደ ጭንቅላቱ ሚመጣው ሮቦት ቀዶ ጥገና፣ ልብ ምት ሚቆጥር ሰዓት፣ ኤክስሬይ ሚያነብ ኤአይ ነው፣ እሱም አለ፣ እመጣበታለሁ። እኔ ግን በዚህ ስራ ላይ በቆየሁ ቁጥር አንድ ነገር ነው እየገነነብኝ የመጣው፣ ዳታ ጤናን ሚቀይረው ወደጻፈው ሰው ሲመለስ ነው። ወደ ላይ ብቻ የሄደ ዳታ ስላይድ ይሆናል፣ አመታዊ ጉባኤ ላይ ባለቀለም ግራፍ ሆኖ ይጨበጨብለታል፣ ከዛ አለቀ። ቁጥሩን የጻፈችው ልጅ ጋ ተመልሶ ነገ ጠዋት የማንን በር ልታንኳኳ እንደሚገባ ካልነገራት በቃ እሷ የኛ ጸሐፊ ሆነች ማለት ነው።

ይሄን ስል ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ተሰርቶ የነበረ ነገር አለ፣ ስለሱ የሚያወራ ሰው ስላጣሁ ነው ማነሳው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረ በኋላ በየጤና ኬላው የቤተሰብ ፎልደር የሚባል ነገር ገባ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ፎልደር፣ ውስጡ የአባወራና እማወራ ስም፣ የልጆች፣ ሽንት ቤት አላቸው ወይ፣ ውሃቸው ከየት ነው፣ አጎበር አላቸው ወይ፣ ከዛ የነፍሰ ጡርና የህጻናት ካርድ። ከፎልደሩ ጎን ደሞ ቲክለር የምንለው ሳጥን አለ፣ በወራት የተከፋፈለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ቀጠሮዋ ህዳር ከሆነ ካርዷ የህዳር ኪስ ውስጥ ይገባል። ስትመጣ ካርዱ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ቀጠሮ ወር ይዛወራል። ህዳር አልቆ ካርዱ እዛው ተቀምጦ ከተገኘ ሴትዮዋ አልመጣችም ማለት ነው፣ ስለዚህ ኤክስቴንሽኗ ጃንጥላዋን ይዛ ትወጣለች። ኤሌክትሪክ የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ ፓስወርድ የለ። ዳታው የተጻፈበት ቦታና ስራ ላይ የዋለበት ቦታ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር እስከዛሬ ካየኋቸው የጤና መረጃ ሲስተሞች ውስጥ እንደሱ ቀጥተኛ የሆነ አላየሁም። በተግባር ሁሉም ቦታ በደንብ ይሰራበት ነበር ማለቴ አይደለም፣ ካርዶቹ ተቀላቅለው ሳጥኑ የዕቃ ማስቀመጫ የሆነበት ኬላም አይቻለሁ፣ ሀሳቡን ነው ማደንቀው።

ከዛ 2008 ላይ የጀመረው የጤናው ዘርፍ የአምስት አመት እቅድ "የመረጃ አብዮት" የሚለውን ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አደረገው። ዲኤችአይኤስ 2 የሚባል የጤና ሪፖርት ማስገቢያ ሶፍትዌር ገባ። ይሄ ሶፍትዌር ስሩ ከአፓርታይድ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፣ የተበታተነውን የጤና ሪፖርት አንድ ለማድረግ የተጀመረ፣ ቀጥሎ ኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ እያሳደገው ዛሬ ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል፣ ነጻ ነው፣ በኛ የዘመን አቆጣጠር እንዲሰራም ተደርጓል፣ መስከረምን መስከረም ብሎ ይጠራል ማለት ነው፣ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ የፈረንጅ ሲስተም ላይ ቀን ሲቀይር የኖረ ሰው ያውቀዋል። ድሮ በወረቀት ተጭኖ ሲሄድ የነበረ ሪፖርት አሁን እኔ አስገብቼ ሰብሚት ስል ዞን ያለው ሰው ያየዋል። ፍጥነቱ ተለውጧል፣ ይሄን ሚክድ የለም።

አቅጣጫው ግን ያው ነው፣ ወደ ላይ። እኔ ካስገባሁት ቁጥር ውስጥ የሴትየዋ ስም የለም፣ "ነፍሰ ጡር የመጀመሪያ ክትትል፦ ይሄን ያህል" ብቻ ነው ያለው። ከዛ ቁጥር ተነስቶ ማን እንደቀረች ማወቅ አይቻልም።

ታብሌቱ የመጣው ለዚህ ነበር። ኢሲኤችአይኤስ ይባላል፣ የቤተሰብ ፎልደሩ ኤሌክትሮኒክ ወንድም ነው፣ ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትሄድ ታብሌቱ ላይ ትመዘግባለች፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሰራል፣ ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ የያዘውን ይልካል። ይሄኛው ነገር ለኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው፣ ገደል ውስጥ ያለ ቀበሌ አለ እኮ፣ ኔትወርክ ለማግኘት አምባው ላይ ሚወጣበት። ነሐሴ 2015 ላይ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደሞ ከኔትወርክ ጋ ብቻ የተጣበቀ ሲስተም ምን እንደሚሆን ሁላችንም አየን፣ ያኔ ወረቀት ያልጣለ ሰው ነው ስራውን የቀጠለው።

ታብሌቱ ጥሩ ሲሰራ ቲክለሩ ሚሰራውን ይሰራል፣ እንደውም ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. 2016 ላይ የእርግዝና ክትትል ከ4 ወደ 8 ከፍ ይበል ብሏል፣ 8 ቀጠሮ ለስንት እናት በጭንቅላት ይያዛል? ማሽን ቢያስታውስ ነው ሚሻለው። ችግሩ ምንድነው፣ ታብሌቱ መጣ ተብሎ ወረቀቱ አልቀረም። ፎልደሩም ይሞላል፣ ታብሌቱም ይሞላል፣ መዝገቡም ይሞላል፣ ታሊውም (የመቁጠሪያ ቅጹ) ይቆጠራል፣ ሱፐርቪዥን ሲመጣ ሚጠየቀው ደሞ ወረቀቱ ነው። እንግዲህ ሁለት ጊዜ የምትጽፍ ሴት አንዱን ሲመቻት ማታ ቤቷ ሆና ነው ምትሞላው። ማታ የተሞላ ታብሌት ደሞ ቀን አያስታውስም፣ ጎብኝታ የመጣችውን ቤት መልሶ ቢነግራት ምን ይጠቅማታል። ቻርጁም አለ። መብራት የሌለበት ኬላ ታብሌት መስጠትና ቻርጅ ለማድረግ ከተማ ድረስ ሂጂ ማለት፣ ይሄን ፕላን ያደረገ ሰው ቢሮው ውስጥ ስንት ሶኬት እንዳለ መጠየቅ ያምረኛል።

ዳታ ወደ ጻፈው ሰው ሲመለስ ምን እንደሚመስል ማየት ሚፈልግ ወደ ቆላው ይውረድ። ከጣርማ በር ተነስታችሁ በደብረ ሲና አድርጋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ጃኬት እያወለቃችሁ ነው ምትደርሱት፣ እዛ ወባ አለ። ወባ ያለበት አካባቢ ጤና ጣቢያዎች ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ቻርት አለ። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ያለፉትን 5 አመታት የዛኑ ሳምንት የወባ ቁጥር ትወስዳለህ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ትደረድራለህ፣ ከትልቁ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ትይዛለህ፣ የሁሉንም ሳምንት እንደዛ ካደረግክ መስመር ይወጣልሃል። የዘንድሮው ሳምንት ቁጥር ከዛ መስመር ካለፈ ወረርሽኝ እየመጣ ሊሆን ይችላልና ተንቀሳቀስ ማለት ነው። ሰርቨር አያስፈልገውም፣ እስክሪፕቶና ማስመሪያ ይበቃዋል። ያየው ነርስ ከማንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ መድሃኒቱን ይቆጥራል፣ ኬላዎቹ ጋ ይደውላል፣ ያቆረ ውሃ የት እንዳለ ያስጠይቃል።

ታዲያ እዚህ ጋ ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ነገር አለ። ከደጋው ሰው ማሾና ማሽላ ሊያጭድ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ወባ ይዞት ወደ መንዝ ይመለሳል፣ የሚታመመው ደጋ ላይ ነው፣ ወባ ይኖራል ብሎ ማንም በማይጠብቅበት። ደጋ ያለው ጤና ጣቢያ ቻርቱ የለውም፣ ቆላ ያለው ደሞ ታማሚው ሄዷል። ሁለቱን ወረዳ አንድ ስክሪን ላይ ማየት ሚችል ሲስተም ነው ይሄን ሚያገናኘው፣ ግድግዳ አይችለውም። ለዛ ነው እኔ ወረቀት ይሻላል ከሚሉት ወገን ያልሆንኩት።

ወደ ካርድ ክፍል እንምጣ፣ ልቤ ያለው እዛ ነው።

እናት ከገጠር ይመጣሉ፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ መስኮቱ ጋ ይቆማሉ። "እማማ ካርድ አልዎት?" "ነበረኝ ልጄ፣ ጠፋ።" "ስም?" "ፀሐይ።" "አባት?" ይነግሩናል። "እድሜ?" "እንጃ፣ ስልሳ በለው።" አሁን እዚህች አጭር ጭውውት ውስጥ ኮምፒውተሩን ሚያሳብዱ ነገሮች ሁሉ አሉ። ፀሐይን አንዱ በፀ፣ አንዱ በጸ፣ አንዱ በሐ፣ አንዱ በሃ ይጽፋታል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሚመዘግብ ሲስተም ከሆነማ ሌላ አራት አምስት አይነት ይጨመርበታል፣ ሲስተሙ ደሞ ሁሉንም የተለያየ ሰው ነው ብሎ ነው ሚያምነው። አሜሪካኖቹ ለዚህ ችግር መላ የፈለጉት በጣም ድሮ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1918 ላይ ሳውንዴክስ የሚባል ስምን በድምጹ ሚያመሳስል ዘዴ ፓተንት ተሰጥቶታል፣ ግን ለእንግሊዝኛ ስሞች ነው የተሰራው፣ ለኛ ፊደልና ለኛ ስም አይሆንም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ልጁ በአባቱ፣ አባቱ በአያቱ ነው ሚጠራው፣ በአንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት እንኳን ስማቸው አይገናኝም። እድሜውም እንደዛው፣ ስልሳ፣ ሰባ፣ አርባ አምስት፣ ሁሉም በ0 ወይ በ5 ነው ሚያልቀው፣ ሀምሳ ሰባት ነኝ ሚል ሽማግሌ ብዙ አላጋጠመኝም።

ካርዱ ካልተገኘ ምን ይሆናል? አዲስ ይወጣል። አዲስ ካርድ ማለት አዲስ ሰው ማለት ነው። እኚህ እናት ግፊት እንዳለባቸው፣ ባለፈው የተሰጣቸው መድሃኒት እንዳላስማማቸው፣ ስኳራቸው ስንት እንደነበር፣ ሁሉም በአሮጌው ካርድ ላይ መደርደሪያ ውስጥ ተኝቶ ሀኪሙ ከዜሮ ይጀምራል። ለዚህ ነው ሰዉ የራሱን መላ የፈጠረው፣ የሰሜን ሸዋ ትልቁ የህክምና ዳታቤዝ ፌስታል ነው። እማማ ከጋቢያቸው ስር ያወጡታል፣ ውስጡ የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ የድሮ የሪፈር ወረቀት፣ ያለቀ መድሃኒት ካርቶን፣ አዲስ አበባ የተነሱት ኤክስሬይ፣ አልፎ አልፎም የልጃቸው የክትባት ካርድ፣ ልጁ አሁን ወታደር የሆነ። ሀኪሙ ይስቃል ግን ያነበዋል፣ ምክንያቱም ከኛ ካርድ ክፍል ይልቅ እሱ የተሟላ ነው። ደሞ አስቡት፣ ፌስታሉ ያለው በሽተኛዋ እጅ ላይ ነው፣ ሄደችበት ሁሉ ይሄዳል። ብዙ ሚሊዮን ብር የፈሰሰበት ሲስተም ገና እዚህ አልደረሰም፣ አንዱ ሆስፒታል ያለው ኮምፒውተር ሌላው ሆስፒታል ያለውን አያውቀውም።

ፌስታል ግን ይጠፋል፣ ይረጥባል፣ ይቃጠላል። ህዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ሲደርስ ሰዉ ልጁን አዝሎ ነው የወጣው፣ ወረቀት ማን ያስታውሳል። በክልሉ ስንቱ ጤና ተቋም ተዘርፎ፣ ወድሞ ነበር። ከኤችአይቪ መድሃኒት ጋ የሚኖር፣ ቲቢ መድሃኒት መሀል ላይ ያለ ሰው ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን ሲደርስ የቱን መድሃኒት ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስድ በአፉ ነው ሚያስረዳው። ያኔ መረጃው ከህንጻው ውጪ ሌላ ቦታ ቅጂ ቢኖረው ምን ማለት እንደነበር ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

አሁን ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ መጣ፣ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር። ፀሐይ በየትኛውም ፊደል ብትጻፍ ቁጥሯ አንድ ነው። ከጤና ካርድ ጋ፣ ከማህበረሰብ ጤና መድን ደብተር ጋ (እሱም በ2003 በ13 ወረዳ ተሞክሮ ነው እዚህ የደረሰው) ቢገናኝ የካርድ ክፍሉ ጣጣ ግማሹ ይቃለላል ብዬ አምናለሁ። ግማሹ ነው ያልኩት፣ ሌላው ግማሽ ላይ እመለሳለሁ።

በመሀል ስለ ውሸት ቁጥር ላንሳ፣ ካላነሳሁ ጓደኞቼ ይታዘቡኛል። በ2008 የተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት (በፈረንጅ 2016) ቤት ለቤት ሄዶ ሲጠይቅ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ ህጻናት ሙሉ ክትባት የወሰዱት 39 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። የፔንታ (አምስት በሽታ በአንዴ የሚከላከለው ክትባት) ሶስተኛው ዶዝ 53 በመቶ ነበር። ከተቋማት በሪፖርት ይመጣ የነበረው ቁጥር ከዛ በጣም የራቀ ነበር፣ ወደ ላይ። ዋሽተን ነው? አንዳንዱ አዎ፣ አንዳንዱ የህዝብ ቁጥር ግምቱ የተሳሳተ ስለሆነ ነው፣ ማካፈያው ካነሰ ፐርሰንቱ ያብጣል። ግን ዋናው ነገር ቁጥሩ መገምገሚያ መሆኑ ነው። በቁጥሩ የምትገመገም ሴት ቁጥሩን ታሳምረዋለች፣ ሰው ናት። አሁን ከሪፖርት በፊት 12 ቁጥር በዕጣ አውጥተን ከመዝገቡ ጋ እናመሳክራለን፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሪፖርቱና መዝገቡ መግጠማቸውን ነው ሚያረጋግጠው፣ መዝገቡና ህጻኑ መግጠማቸውን አይደለም። ቲክለር ሳጥን ላይ ግን ማን ይዋሻል? ለራስ ስራ የያዝከውን ማስታወሻ ብትዋሽ የምትለፋው አንተው ነህ። ወደ ጻፈው ሰው ሚመለስ ዳታ ጥራቱም ይሻላል ምለው ለዚህ ነው።

ወደ ኤአይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. 2021 ላይ 15 አመትና ከዛ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደረት ኤክስሬይን ኮምፒውተር አንብቦ ቲቢ ይለይ ብሎ ፈቅዷል። ራዲዮሎጂስት ለሌለበት አካባቢ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ግን አንድ የአሜሪካ ጥናት ከጭንቅላቴ አይወጣም፣ እ.ኤ.አ. 2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ። ሆስፒታሎች ተጨማሪ ክትትል ለማን ይሰጥ የሚለውን ሚወስንላቸው ሶፍትዌር ነበራቸው፣ ሶፍትዌሩ የሰውን የህመም ክብደት ሚለካው ለህክምና በወጣበት ገንዘብ ነበር። ጥቁሮቹ በተመሳሳይ በሽታ ያነሰ ገንዘብ ነበር ሚወጣባቸው፣ ስለዚህ ማሽኑ ጤነኛ ናቸው አለ። ማንም ክፉ ሰው አልጻፈውም፣ ዳታው ነው እንደዛ ያለው።

ይሄን ሳነብ ያሰብኩት መንዝ ውስጥ ያለችውን የሞላሌን ገበሬ ነው። ጨጓራውን እያመመው ጠበል የሄደ፣ ዳማከሴ የጠጣ፣ መኪና ውድ ስለሆነ የቀረ ሰው በኔ ዲኤችአይኤስ ውስጥ የለም። እኔ ጋ ያለው የመጣ ሰው ነው። ያልመጣው ለማሽኑ ጤነኛ ነው። ነገ ኤአይ በዚህ ዳታ ሰልጥኖ ሀኪም፣ አልትራሳውንድ፣ አምቡላንስ የት ይመደብ ተብሎ ቢጠየቅ አስፋልት ዳር ያለውን ከተማ ነው ሚመርጠው፣ ምክንያቱም በሽተኛ "የሚበዛው" እዛ ነው። ያልመጣውን ሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፣ ቤት ለቤት ምትዞረው ኤክስቴንሽን፣ እሷን ደሞ በሁለት ፎርም አድክመናታል።

የፋይዳ ቁጥር የማይፈታው የካርድ ክፍሉ ጣጣ፣ የቀረው ግማሽ ደሞ ይሄ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሚስጥር የለም። ካርድ የሚያወጣው ልጅ የጎረቤትህ ልጅ ነው፣ ላብራቶሪ ያለችው የሚዜህ እህት ናት። ስለዚህ የኤችአይቪ ክትትል ያላቸው ሰዎች ከሰፈራቸው ጤና ጣቢያ አልፈው ሌላ ከተማ ሄደው ነው መድሃኒት ሚወስዱት፣ ለመኪና እየከፈሉ። ሰዉ ሚስጥሩን የጠበቀው በርቀትና ካርዶቹ ስለማይገናኙ ነው። አሁን ሁሉንም በአንድ ቁጥር ስናገናኘው ያ መደበቂያ ይፈርሳል። የሰፈሯ ጤና ጣቢያ ልጇን ለጉንፋን ስታመጣ የሷ ፋይል ስክሪኑ ላይ ቢወጣስ? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃን በተለየ ሁኔታ መጠበቅ አለበት ከሚላቸው ውስጥ ያስገባዋል፣ ጥሩ። እኛ ጋ ግን አንድ ፓስወርድ ለሙሉ ክፍል፣ ሞኒተሩ ጎን በፕላስተር ተለጥፎ ያየሁበት ቦታ አለ፣ ስም አልጠራም። የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የበሽተኛ ኤክስሬይ ከነስሙ ሲላክ አይቻለሁ፣ ልጁ የላከው ለመጠየቅ ነው፣ ገጠር ብቻውን ያለ ጀማሪ ሀኪም ሲኒየር ሚያማክረው በዛ መንገድ ነው፣ መልሱም ሰው ያድናል፣ ስሙን መሸፈን ግን አስር ሰከንድ አይፈጅም።

ሲስተም ሊያስተዋውቁ ሚመጡ ሰዎችን ስልጠና ላይ ሁሌ ምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፣ ፋይሉን ማን እንደከፈተው በሽተኛዋ ማየት ትችላለች ወይ? ኢስቶኒያ ውስጥ ዜጋው ኮምፒውተሩን ከፍቶ የትኛው ሀኪም መረጃውን እንዳየ ያያል። እስካሁን ያገኘሁት መልስ "በሚቀጥለው ቨርዥን" ነው።

እስከዛው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ህክምና ምትሄዱ ሰዎች አንድ ነገር አድርጉልን፣ የካርድ ቁጥራችሁን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት፣ የአያት ስም ጨምራችሁ ንገሩን፣ ፌስታሉንም አትጣሉት። እናታችሁ ስማርት ስልክ ከሌላቸው በናንተ ስልክ አንሱላቸው፣ ካርድ ክፍል መስኮት ጋ ቆመው ሲደውሉላችሁ ደሞ አንሱ።